ስንተኛ ወጣሽ?

ዕጣው የደረሰኝ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ላይ ከባንክ መልእክት ገባ፤ ከካርድሽ ይህን ያህል ዶላር ተቆርጧል ይላል። ሌባ ነው ብዬ ልደውል ስል ነው ነገሩ የገባኝ። የኒውዮርክ ማራቶን ዕጣ ለወጣለት ሰው የምሥራቹን የሚነግረው ካርዱ ነው። መጀመሪያ ብሩ ይቆረጣል፣ ኢሜይሉ ኋላ ይመጣል። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ዲቪ ስድስት ጊዜ ሞልቼ አንድም ቀን ወጥቶልኝ አያውቅም፤ አሜሪካ የገባሁት በሌላ በር ነው። ይሄኛው ግን በመጀመሪያው ሙከራ።

ወንድሜ ሲሰማ ግራ ገባው።

«ቆይ፣ ከፍለሽ ነው የምትሮጪው?»

«አዎ።»

«ደራርቱ ስትሮጥ ይከፈላታል፤ አንቺ ለመሮጥ ትከፍያለሽ?»

እናቴ ጋ ስደውል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠበቀኝ። ስንት ሰው ነው የሚሮጠው አለችኝ። ሃምሳ ምናምን ሺህ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «በቃ አንደኛ ባትወጪም እስከ አሥር ግቢ» አለች። የሁለተኛ ክፍል ሪፖርት ካርዴን የምትጠብቅ ነው የሚመስለው።

በእሷ አልፈርድም። እኛ ጋ ሩጫ ማለት ማሸነፍ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሯጭ ማለት ለእኛ ባንዲራ ለብሶ የሚያለቅስ ሰው ነው። ሁለተኛ የወጣውን እንኳ «ተቀደመ» ነው የምንለው። መሃል ላይ ተጋፍቶ፣ አምስት ሰዓት ፈጅቶ፣ ሜዳሊያውን አጥልቆ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ስም አላወጣንለትም። ታላቁ ሩጫስ ትሉኝ ይሆናል። እሱን ሁለቴ ወጥቻለሁ። እዚያ ማንም ስንተኛ ወጣሽ አይልም፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን አንሮጥም። ከመስቀል አደባባይ ተነስተን፣ እየጨፈርን፣ ውሃ እየተረጫጨን እንመለሳለን። 10 ኪሎ ሜትር የሠርግ አጀብ ነው። ለማጣጣል አይደለም፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

አሜሪካ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ያወቀ የሥራ ባልደረባ ሁሉ «ታዲያ ትሮጫለሽ» ይለኛል። በጥያቄ ምልክት አይደለም፣ በአራት ነጥብ ነው። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። በቆጂ ሌላ፣ ካዛንቺስ ሌላ። እኛ ሰፈር የሚሮጠው ለታክሲ ነበር። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የወር አበባዬ መጣ እያልኩ በወር አራቴ ዛፍ ሥር የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ። መሮጥ የጀመርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ሐኪም ደም ግፊትሽ ጥሩ አይደለም ስላለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ስላይጎ ክሪክ የሚባል ወንዝ ዳር አምስት ወር ተለማመድኩ። ስለ ልምምዱ ብዙ የምለው የለኝም። ላብ ነው፣ ትንኝ ነው፣ ላብ ነው።

ስህተቱን የሠራሁት ቲሸርት ላይ ነው። ማራቶን የሮጡ ሰዎች ስምሽን ደረትሽ ላይ ጻፊ፣ ሕዝቡ እየጠራ ያበረታሻል ይላሉ። የእኔን ስም ፈረንጅ አይደፍረውም። «ታዲያ ኢትዮጵያ ብለን እናሠራው» ያለው ወንድሜ ነው። አረንጓዴ ቲሸርት ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቢጫ፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጎ አሠራልኝ። ደስ ብሎኝ ለበስኩት። 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ አገር ተሸክሜ እንደምሮጥ ያኔ አልታየኝም።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3፣ 2024 ነበር፤ እሑድ። በዚያው ሌሊት አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች። ለሌላው ሯጭ የአንድ ሰዓት ትርፍ እንቅልፍ ነው። እኔ ግን ስልኩ ራሱ ይቀይረው ይሆን፣ ማንቂያው የትኛውን ያምናል፣ በሐበሻ ሰዓትስ ስንት ይሆናል እያልኩ ሒሳብ ስሠራ አደርኩ። ያረፍኩት ብሮንክስ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነስቼ በባቡር እስከ ማንሃታን ጫፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ስታተን አይላንድ። ጀልባው ላይ መቀመጫ የለም። ሰው ሁሉ ሙዝ ይዟል። የነጻነት ሐውልቷን እያየን አለፍን፤ ግማሹ ፎቶ ያነሳል፣ ግማሹ ሽንት ቤት ተሰልፏል።

ስለ ማራቶን ማንም አስቀድሞ የማይነግርሽ ነገር ይሄ ነው፤ ቀኑ በአብዛኛው ወረፋ ነው። የጀልባ ወረፋ፣ የአውቶቡስ ወረፋ፣ የፍተሻ ወረፋ፣ የሽንት ቤት ወረፋ። ከሽንት ቤቱ ስትወጪ እንደገና ትሰለፊያለሽ፤ ተራሽ እስኪደርስ ይመጣልና። መነሻው ፎርት ዋድስዎርዝ የሚባል የጥንት የጦር ምሽግ ነው። ሣር ላይ፣ በብርድ፣ ለሰዓታት እንቀመጣለን። ሯጩ በዙር በዙር ነው የሚለቀቀው፤ የእኔ አራተኛው ዙር ነበር፣ ወደ ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ። ብርዱን ለመከላከል ሁሉም የሚጣል አሮጌ ልብስ ደርቦ ይመጣል። የገላ መታጠቢያ ካፖርት የለበሰ አለ፤ የቆሻሻ ፌስታል ቀዶ አንገቱን ያወጣ አለ። የአክስቴ ልጅ ጋቢ ልስጥሽ ብላኝ ነበር። ጋቢ እንዴት ተደርጎ ይጣላል? ከዚያ ይልቅ የወንድሜን አሮጌ ሹራብ ለበስኩ። ሊለቁን ሲሉ ሁሉም እያወለቀ ወደ ዳር ይወረውራል፣ ልብሱ ተሰብስቦ ለዕርዳታ ይሄዳል። ክምሩን ሳየው ሰልባጅ ከየት እንደሚነሳ የገባኝ መሰለኝ።

ይህ ውድድር ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 127 ሰዎች ተመዝግበው 55ቱ ነበሩ የጨረሱት። አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች የሚያዳርሰው መንገድ የመጣው በ1976 ነው። እኔ በሮጥኩበት ዓመት የጨረሰው ሰው 55,646 ነው። ያ ሃምሳ አምስት ሰው በሺህ ተባዝቷል ማለት ነው፤ እና ሁሉም በአንድ ድልድይ ነው የሚወጣው።

ዙሩ የሚለቀቀው በመድፍ ነው። እውነተኛ መድፍ። ሌላው ሰው እልል አለ፣ እኔ ጎንበስ አልኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ መድፍ ሲሰማ የሚሮጠው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው።

ቬራዛኖ ድልድይ ላይ መሮጥ አይቻልም። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ነፋሱ ቁጥርሽን ሊገነጥለው ይፈልጋል፣ ፊት ለፊትሽ ደግሞ የሰው ግድግዳ አለ። ፎቶ ሊነሳ ቀጥ ያለ፣ ጫማውን ሊያስር ያጎነበሰ፣ ገና ከአሁኑ የደከመው። በቀኝ ልትቀድሚ ስትይ ሌላው በቀኝ ወጥቷል። ክርን ትቀምሻለሽ፣ ይቅርታ ትባያለሽ፣ አንቺም ሰው ረግጠሽ ይቅርታ ትያለሽ። የጃንሜዳ ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሊነሳ ሲል ያለውን ግፊያ አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ሰው ቁምጣ ለብሷል። አስፋልቱ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ፤ አጭሩን መንገድ ያሳያል። በትክክል 42.195 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በዚያ መስመር ላይ ለሄደ ነው። እኔ መስመሩን ያየሁት እዚህም እዚያም በሰው እግር መሃል ነው። ሰው ስዞር፣ ስሸሽ፣ ስጠማዘዝ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ሰዓቴ ከ43 በላይ ቆጥሮልኛል። ትርፉን ማን ይከፍለኛል?

እኔ ብሩክሊን ከመግባቴ በፊት የሴቶቹ አሸናፊ ጨርሳ ነበር። ወንዶቹም ወዲያው ተከተሏት።

ይህን የማያውቅ ግን አልነበረም። አራተኛ ጎዳና ላይ ገና ብቅ ከማለቴ ጩኸቱ ተጀመረ። «ኢትዮጵያ! ጎ ኢትዮጵያ!» መጀመሪያ ላይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እጅ አወጣሁ፣ ሕፃናት መታሁ፣ ማለቴ እጃቸውን። ሦስተኛው ማይል ላይ አሁንም «ኢትዮጵያ!» ነው። ስድስተኛው ላይ አንድ ሰውዬ ቢራውን ከፍ አድርጎ «ኢትዮጵያ! ጓደኞችሽ እኮ ጨርሰዋል!» አለኝ። ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ገባብኝና አልወጣ አለ። መራመድ አልችልም። ስሜ ቢጻፍ ኖሮ የደከመችው እኔ ነበርኩ። አሁን ብራመድ የደከመችው ኢትዮጵያ ናት። ሕዝቡ ደግሞ ደግ ነው፤ ትንሽ ዝግ ስል የበለጠ ይጮኻል።

ላፋዬት ጎዳና ላይ መንገዱ ይጠብባል። የተማሪ ባንድ አንዷን ዜማ ደግሞ ደጋግሞ ይነፋል፤ ለእኛ አንዴ ናት፣ ለእነሱ ግን ሙሉ ቀን። ከዚያ ዊልያምስበርግ ሲደርስ ድምፁ በአንዴ ጠፋ። አጥባቂ አይሁዶች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እሑድ የሥራ ቀናቸው ነው። ጥቁር ካፖርት የለበሱ ወንዶች በሯጮች መሃል ሰንጥቀው መንገድ ይሻገራሉ፤ እናቶች ጋሪ እየገፉ ያልፋሉ። ማንም ኢትዮጵያ አላለኝም። ዕረፍት ነበር።

የውሃ ጣቢያው ሌላ ዓለም ነው። በሺህ የሚቆጠር የወረቀት ኩባያ መሬት ላይ ተረግጦ ይንኮሻኮሻል። ጣፋጩ መጠጥ ፈሶ ጫማሽን እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ ሁለት እርምጃ አልፈሽ ደግሞ ያንሸራትታል። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ የሕክምና ጣቢያው ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰጠውን ነገር ወደ አፉ ሲያደርስ ደረስኩለት። ቫዝሊን ነው፤ ለተላላጠ ብብት። ምግብ መስሎት ነበር። አልስቅበትም፣ እኔም ሳላየው ብቀበል ኖሮ እልሰው ነበር።

ግማሽ መንገዱ ፑላስኪ ድልድይ ላይ ነው። ኩዊንስን በጥቂቱ አለፍነውና ኩዊንስቦሮ ድልድይ ውስጥ ገባን።

ውስጥ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በድልድዩ ታችኛው ወለል ነው የሚሮጠው፤ ከላይሽ ብረት፣ ከጎንሽ ብረት። ጨለም ይላል። ተመልካች የለም። ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲጮህብሽ የነበረ ከተማ ድንገት ዝም ሲል የሚሰማው እግርና ትንፋሽ ብቻ ነው። ብዙ ሰው መራመድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጥግ ይዞ እግሩን የሚያፍታታ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ብረቱን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። አንዱ ሳይናገር ትከሻዋን መታ አድርጎ አለፈ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቋረጠው እዚህ ድልድይ ላይ ነው፤ 16ኛው ማይል አካባቢ፣ ጉልበቱን አሞት። የዚያኑ ዕለት እንባ እየተናነቀው ሩጫ በቃኝ አለ። ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ እንጂ የዚያን ዕለት እኛ ቤት ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጣ። በዚያው ውድድር ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው በሆነው ማራቶን፣ አንደኛ ወጥቷል። ኢትዮጵያዊ አሸንፎ እኛ አዝነን ዋልን። አሁን ሳስበው ያ ቀን የገዛ ሕጋችንን ያፈረስንበት ቀን ነው።

ኃይሌ የቆመበት ላይ እኔ ብራመድ ማን ይታዘበኛል አልኩና ተራመድኩ። ደረቴ ላይ እጄን አጣጥፌ፣ ጽሑፉን ሸፍኜ።

ከድልድዩ ወርደሽ ስትታጠፊ አንደኛ ጎዳና ይጠብቅሻል። ጩኸቱ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ በሰው ታጥሯል። «ኢትዮጵያ!» እንደገና። ምን አማራጭ አለኝ፣ ሮጥኩ። እዚህ ብዙ ሰው ከአቅሙ በላይ ሮጦ ኋላ ዋጋውን ይከፍላል ይባላል። ከፈልኩ። 20ኛው ማይል ብሮንክስ መግቢያ ላይ ነው፤ ጭኖቼ የራሴ መሆናቸው ቀረ።

ብሮንክስ አጭር ናት፤ ገብተሽ ወዲያው ትወጫለሽ። ብዙነሽ ደባ ግን ነዋሪነቷ እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተማዋ በገዛ ሯጯ ልታብድ ስትል ፍሬሕይወት ዳዶ በ4 ሴኮንድ ቀደመቻት። አንደኛም ሁለተኛም ኢትዮጵያዊት። 4 ሴኮንድ! እኔ የዚያን ቀን የጫማ ክር ለማሰር ሁለት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ጎንበስ ማለት ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው።

ሃርለም ውስጥ፣ አምስተኛ ጎዳና ላይ፣ ማርከስ ጋርቪ ፓርክን እንዳለፍኩ ነው ያየኋቸው። ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ይመስላሉ። መንገድ ሊሻገሩ ቆመው ሰዉ አላሳልፍ ብሏቸው ነው እንጂ ውድድር ሊያዩ አልወጡም። ቲሸርቴን አነበቡ፣ ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ በአማርኛ።

በርቺ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

«ኧረ አረፍ በይ! ማን አባሮሽ ነው?»

ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሺህ ሰው ሩጪ ብሎኛል። አረፍ በይ ያለኝ አልነበረም።

«ገና አራት ማይል ይቀረኛል፣ እማማ።»

«ውይ በሞትኩት። በይ እየተራመድሽ ሂጂ። ማንን ልትቀድሚ ነው? የሚቀድምሽ ሁሉ ቀድሞሻል።»

አቅፈውኝ ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። አንዱ ሯጭ ዘመዴ መስለውት «እናትሽ ናቸው?» አለኝ፤ አዎ አልኩት፣ ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። ከዚያ እጃቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው። በማራቶን መሃል፣ በአግድም። ሰዓቴ የቆጠረው ትርፍ ኪሎ ሜትር ውስጥ እሱም አለበት።

አምስተኛ ጎዳና ፓርኩን ተከትሎ የሚወጣው አቀበት ላይ ተራመድኩ። ደረቴን አልሸፈንኩም። «ኢትዮጵያ!» ሲሉኝ እጄን አውለበለብኩ፣ እየተራመድኩ። ማንም ቅር ያለው አልመሰለኝም። አንዲት ልጅ ብርቱካን ሰጠችኝ።

ሴንትራል ፓርክ ስገባ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚህ መንገድ ነው በ37 ዓመቷ አንደኛ ሆና የገባችው፤ ይህን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት። ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ደራርቱ ዝግ ብላ እንዳበረታታቻት ይተረካል። 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው የፈጀባት። በዚያ ሰዓት እኔ ገና ፑላስኪ ድልድይ ነበርኩ። እኔ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር ሮጥኩ፤ ካሜራ ነበራ።

ከጨረስሽ በኋላ መቀመጥ አይፈቀድም። ሜዳሊያ ያጠልቁልሻል፣ ካባ ያለብሱሻል፣ ከዚያ ተራመጂ፣ ተራመጂ ነው። በሺህ የሚቆጠር ካባ የለበሰ ሰው እያነከሰ በዝምታ ከፓርኩ ይወጣል። ሱባኤ የጨረሰ ሕዝብ ይመስላል። የባቡር ጣቢያውን ደረጃ የወረድኩት ወደ ኋላ ዞሬ ነው።

በማግሥቱ ወደ ሜሪላንድ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ማታ «ጨረስኩ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌላት ነበር፤ አልበቃትም።

«ታምራት ቶላ ስንተኛ ወጣ?» አለች መጀመሪያ። ፓሪስ ኦሊምፒክ ካሸነፈ ገና ሦስት ወሩ ነበር።

«አራተኛ።»

«ውይ። አልቀናውም። አንቺስ?»

«አርባ አንድ ሺህ ምናምንኛ፣ እማዬ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ከስንት?»

«ከሃምሳ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ምናምን።»

እንደገና ዝም። በጣቷ እየቆጠረች እንደሆነ ገብቶኛል።

«ታዲያ ከኋላሽ አሥራ አራት ሺህ ሰው አለ በይኛ!»

«አዎ፣ አለ።»

«ቆይ፣ ጎረቤት እየጠበቁኝ ነው፣ ልንገራቸው» አለችና፣ ልትዘጋው ስትል መለስ ብላ «እግርሽን ለብ ባለ ውሃና በጨው ንከሪው፣ ሰማሽ?» አለችኝ።